የእናቴ ክፍል የት ይሁን?



ከመድረክ ላይ ስለ ሰማያዊው ቤታችን ብዙ ጊዜ ሰብኬያለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ምድራዊው፣ በብሎኬትና በሲሚንቶ ስለሚሠራው ቤት ነው። ዕድሜዬ ሃምሳ ስድስት ነው። ከባለቤቴ ጋር ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ስንዞር ኖረን፣ ልጆቻችን ካደጉ በኋላ በማኅበር 200 ካሬ ሜትር ቦታ ደረሰን። ቦታው ባሕር ዳር ከአባይ ማዶ፣ ወደ ዘንዘልማ በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው። የሊዝ ውሉን በፈረምኩ ቀን ሳቄ መጣ። በሊዝ አዋጁ፣ በቁጥር 721/2004፣ ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደው ዘመን 99 ዓመት ነው። የሙሴ ጸሎት በሆነው በመዝሙር 90 የተቆጠረልን ግን ሰባ፣ ብንበረታም ሰማንያ ነው። እንግዲህ ጌታ ቢፈቅድና ሰማንያ ብደርስ፣ እኔ ስጨርስ ውሉ ገና ሩቡ ላይ ነው ማለት ነው።

ይህን እያወቅሁ ያስነደፍኩት የመጀመሪያው ፕላን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ቤት ነበር። ጂ ፕላስ ዋን፤ ምድሩ ሰፊ ሳሎን፣ መኝታ ቤቶቹ በሙሉ ፎቅ ላይ፣ ወደ ፎቁ የሚያወጣው ደረጃ አስራ ስምንት እርከን። የማኅበራችን አባላት ሁሉ ፎቅ ሲያስነድፉ እኔ ብቻ ምድር ቤት ብል «አገልጋይ ስለሆነ ገንዘብ የለውም» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። (እውነቱን ለመናገር፣ የለኝምም።) ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ነበረ፤ ኩሽና፣ ዕቃ ቤት፣ እንዲሁም ሦስት በሦስት የሆነች አንዲት ክፍል። ወጣቱ መሐንዲስ በወረቀቱ ላይ «የእናት ክፍል» ብሎ ጻፈባት። ያንን ጽሑፍ ሳይ ደስ አለኝ፤ እናትህን አክብር የሚለውን ትእዛዝ የፈጸምኩ መሰለኝ።

እናቴ የምትኖረው ደቅ ነው። ለማታውቁት፣ ደቅ በጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ነው፤ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እኔም የተወለድኩት እዚያ ነው። እናቴ የተወለደችበትን ዓመት በትክክል አታውቀውም፤ «ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው» ትላለች። ብቻዋን ትኖራለች፣ ዶሮዎቿን ትጠብቃለች፣ ቤተ ክርስቲያኗን ትስማለች። በ1984 ጌታን አግኝቼ ወንጌላዊ አማኝ በሆንኩ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃፏን አልረገጥኩም። እሷ ከለከለችኝ ልበል እኔ ኮራሁ፣ ዛሬ ላይ ሆኜ ለይቼ መናገር አልችልም። ታርቀናል። ግን በእሷና በእኔ መካከል ሐይቁ ብቻ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በ2016 ክረምት ማብቂያ ላይ ጭቃ አንሸራትቷት ወደቀች። እጇ ተሰበረ፣ ጉልበቷም ተጎዳ። ጀልባ እስኪገኝ አራት ቀን ቆይታ መጣች፤ ታክማም ከእኛ ዘንድ ሰነበተች። የኪራይ ቤታችን ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ነው፤ ሦስት ደረጃ ይወጣል፣ ሲዘንብ ያንሸራትታል። አንድ ቀን ባለቤቴ ወደ ጎን ወሰደችኝና «እናትህ ከአስራ አንድ ሰዓት በኋላ ውሃ እንደማትጠጣ አይተሃል?» አለችኝ። አላየሁም ነበር። ሌሊት እንዳትነሳ፣ እኛንም እንዳታስነሳ፣ ጥሟን ይዛ ታድር ነበር። ስለ ሕይወት ውሃ ስንት ጊዜ የሰበክሁ ሰው፣ በገዛ ቤቴ እናቴ ተጠምታ ታድራለች።

ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያባራ ቦታውን ልናሳያት ይዘናት ሄድን። በዚያው ዓመት ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ በባጃጅ ስንሻገር፣ 380 ሜትር መሆኑን ነገርኳት። «ደቅ ድረስ ለምን አላስቀጠሉትም?» ብላ አሳቀችን። ስንደርስ ሠራተኞቹ ገመድ ወጥረው፣ የግድግዳዎቹን መስመር በኖራ አስምረው ነበር። ቤቱ በሙሉ ነጭ መስመር ሆኖ መሬት ላይ ተኝቷል። እናቴ በምርኩዟ ተደግፋ ገባች፤ ደግሞም በበሩ በኩል እንጂ መስመሩን ተሻግራ አልገባችም።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ሳሎኑ ነው፣ እማ።»

«እዚህስ?»

«ደረጃው በዚህ ይወጣል፤ የእኛ መኝታ ከላይ ነው።»

ቀና ብላ ባዶውን ሰማይ አየች። «ስታረጁ ማን ያወጣችኋል?» አለች።

መልስ አልነበረኝም፤ ወደ ጓሮ መራኋት። «የአንቺ ክፍል ደግሞ ይቺ ናት» አልኳት። በኖራው አራት ማዕዘን መሃል ቆመች፤ ፊቷን ወደ ውጭው በር አዞረች። በእሷና በበሩ መካከል የሳሎኑ፣ የደረጃው፣ የዕቃ ቤቱ መስመር ሁሉ አለ።

«ከዚህ ሆኜ ማን ሲገባ፣ ማን ሲወጣ አያለሁ?»

«ጸጥታ ታገኚያለሽ ብዬ እኮ ነው።»

«ጸጥታማ መቃብር ሞልቷል፣ ልጄ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ዝም ብላ ዞር ዞር አለችና «ምሥራቁ በየት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለጸሎቷ መሆኑ ገባኝ። አሳየኋት። በዚያ በኩል መስኮት አልነበረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ትዝ ያለኝ አያቴ ነበረች። በተወለድኩበት የጭቃ ቤት፣ ከበሩ ስትገቡ በስተግራ፣ ከምድጃው ብዙም ሳይርቅ መደብ ነበር። አያቴ ስትደክም የተኛችው እዚያ ነው፤ እዚያውም አረፈች። ከመደቡ ለመነሳት እግሯን ማውረድ ብቻ ነበረባት። ቡና ሲፈላ ሽታው መጀመሪያ የሚደርሳት እሷን ነው፣ ጎረቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚስመው እሷን ነው፣ እኛ ልጆች ስንጣላም የምትዳኘን ከዚያው ሆና ነው። የዚያን ቤት ችግር አልረሳሁም፤ ጭሱ ዓይኗን ጎድቶታል፣ ውሃውም ከሐይቁ በእንስራ ነበር የሚመጣው። ግን ማንም በቤቱ ሲያልፍ በእሷ ፊት ሳያልፍ አይሄድም። እኛ የተማርነው ልጆች ለሽማግሌዎቻችን የሠራንላቸው ክፍል ሴራሚክ አለው፣ አምፖል አለው፤ የሚያልፍበት ሰው የለም።

በቲዎሎጂ ኮሌጅ ሳለሁ መክብብ ምዕራፍ 12ን ተምሬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ለወጣቶች ጉባኤ ስንት ጊዜ እንደሰበክሁት አልቆጥረውም። ሁልጊዜ የምሰብከው የመጀመሪያውን ቁጥር ነው፤ ወጣቶች በጉብዝናቸው ወራት ፈጣሪያቸውን እንዲያስቡ። ቀሪውን ክፍል፣ ሰባኪው እርጅናን እንደሚፈርስ ቤት አድርጎ የሚስልበትን፣ በፍጥነት ነበር የማልፈው። ያን ሌሊት በቀስታ አነበብኩት። ጠባቂዎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ እጆች ናቸው። ብርቱዎቹ ይጎብጣሉ፤ እግሮች ናቸው። በመስኮት የሚያዩት ይጨልማሉ። ሰውዬው የወፍ ድምፅ ሲሰማ ይነቃል። ከፍታን ይፈራል፤ እኔ ደግሞ አስራ ስምንት እርከን አስነድፌአለሁ። ከሁሉ የከበደኝ ግን በጎዳናው በኩል ያሉት በሮች ይዘጋሉ የሚለው ነው። እርጅና ራሱ ጊዜውን ጠብቆ የሚዘጋውን በር፣ እኔ ለእናቴ አስቀድሜ በብሎኬት ልዘጋው ነበር።

በማግስቱ መሐንዲሱ ዘንድ ሄድኩ። «መጋቢ፣ መሠረቱ ሊቆፈር ነው እኮ!» አለ ልጁ፤ ቢሆንም ተቀምጦ አዳመጠኝ። ፎቁን ተውነው። ምሰሶውና መሠረቱ ግን ፎቅ እንዲሸከም ሆኖ ይሠራል፤ ልጆቻችን ከፈለጉ ይቀጥሉበት። የእናቴ ክፍል ከጓሮ ወጥቶ ሳሎኑ አጠገብ መጣ፤ አንዱ መስኮት ወደ ግቢው በር፣ ሌላው ወደ ምሥራቅ። ጓሮ የቀሩት የሰርቪስ ክፍሎች ይከራያሉ። ከአጥቢያ መባ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነኝና ስልሳ ዓመት ሲሞላኝ የሚሆነውን ማሰብ ነበረብኝ።

እናንተም ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከዚህ ልጅ የተማርኩትን ላካፍላችሁ። አካባቢያችን ሜዳ ነው፣ አፈሩ ጥቁር፣ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ እሱን ቆፍሮ ማውጣት፣ በሰሌክት መሙላት፣ የቤቱንም ወለል ከመሬት ከፍ ማድረግ ግድ ነው። የእኛ 60 ሳንቲሜትር ከፍ አለ። 60 ሳንቲሜትር ለእኔ አራት እርከን ነው፤ ለእናቴ ተራራ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ተዳፋት መንገድ ደግሞ አንድ ሜትር ከፍ ለማለት አስራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ለእኛ 7 ሜትር ከ20 ማለት ነው። ባለቤቴ ለጽጌረዳ ያሰበችው ጎን በሙሉ በዚህ ሄደ። የጎረቤት ቦታ ባለቤት መጥቶ አየና «መጋቢ፣ ሆስፒታል ነው የምትሠራው?» አለኝ።

የሽንት ቤቱ በር በብዙ ቤት 70 ሳንቲሜትር ነው፤ እኛ 90 አደረግነው፤ ደፍ የለውም፣ የሚከፈተውም ወደ ውጭ ነው። ወደ ውጭ የሆነበትን ምክንያት ልጁ ሲነግረኝ ደነገጥኩ፦ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩ ላይ ይወድቃል፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ከሆነ ሊረዳው የመጣው ሰው መግባት አይችልም። ሽንት ቤቱ የመቀመጫ ነው፤ ወለሉ የማያንሸራትት ሻካራ ሴራሚክ። ከመቀመጫውና ከሻወሩ አጠገብ የእጅ መያዣ ብረት ይኖራል። ይህን አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል፤ ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ የሰው ክብደት የሚይዝ ቡሎን አይችልም። ግድግዳው ሲገነባ በዚያ ቦታ ያለው ብሎኬት በኮንክሪት መሞላት አለበት። ዛሬ ብረቱን ባትገዙ እንኳ ግድግዳውን አዘጋጁት። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያው ደግሞ ከአልጋው ሳይነሱ እጅ የሚደርስበት ይሁን።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት የማይችል ሰው የሚገባበት መንገድ እንዲኖራቸው አዝዟል። ከእሱ በፊት ግን ዘዳግም 22፥8 አለ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ላይ ማንም እንዳይወድቅ መከታ ያድርግ ይላል፤ ካላደረገ የወደቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ነው። ይህን ቁጥር ለሠላሳ ዓመት ያህል አንድም ቀን ሰብኬበት አላውቅም። ስለ ባልንጀራ ፍቅር ስብከት ስፈልግ ወደዚህ አልመጣሁም። የባልንጀራ ፍቅር በሳንቲሜትር ሲለካ አስቤው አላውቅማ።

ባለቤቴ ፕላኑን ዓይታ ዝም አለች። ዝምታዋን አውቀዋለሁና ጠየቅኋት። «እናትህ ትምጣ፣ እኔም እወዳታለሁ፤ ግን ሌሊት የሚነሳው ማን ነው?» አለችኝ። እዚህ ላይ እውነት እንነጋገር፣ ወንድሞች። በአገራችን ወላጅን የሚጦር ልጅ ይመሰገናል፤ ውሃውን የምታሞቀውና አንሶላውን የምታጥበው ግን ምራት ናት። እኔ «እናቴን አመጣለሁ» ስል የሌላ ሰው ጉልበት ቃል እየገባሁ ነበር። ለሁለት ሳምንት ያህል ስለዚህ ነገር ብቻ ተነጋገርን፤ ሁልጊዜም በጥሩ ቃል አልነበረም። በመጨረሻ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ፦ ኩሽናው ከእናቴ ክፍል ጋር በአንድ ኮሪደር እንዲሆን፣ የምታግዝ ሠራተኛ የምትተኛበት ክፍል እንዲኖር፣ የሌሊቱም ተራ የእኔ እንዲሆን። ለእናቴ የጾም ድስትና ሳህን የተለየ መደርደሪያ ኩሽናው ውስጥ እንዲሠራ ያዘዘችው እሷ ናት፤ እኔ አላሰብኩትም ነበር። እኛ በምንበላበት ረቡዕና ዓርብ እናቴ በልቧ ሳትጨነቅ ትጾማለች።

«ደግሞም» አለችኝ ባለቤቴ፣ «ክፍሉን የእናትህ ብቻ አታድርገው። ከእሷ ቀጥሎ ወይ አንተ ወይ እኔ ነን የምንገባበት።»

ከአጥቢያችን አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ስለ ቤቱ ሰምተው፣ «መጋቢ፣ የጌታን መምጣት የምትሰብክ ሰው ለሠላሳ ዓመት በኋላ በር ታሰፋለህ?» አሉኝ። ቀልደው ብቻ አልነበረም። ጎተራውን አፍርሶ ትልቅ ሊሠራ ያሰበውን የሉቃስ 12 ባለጠጋም አስታወሱኝ። ብዙ አሰብኩበት። ያ ሰው ያቀደው ሁሉ ለራሱ ነው፤ ብሉ፣ ጠጪ፣ ዕረፊ የሚላት ነፍስ አንዲት ብቻ ናት፣ የራሱ ነፍስ። በዚያ ጎተራ ውስጥ አንዲት አሮጊት ብትኖር ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ለሽማግሌው ይህን አልመለስኩላቸውም። ሲነሱ ወንበራቸውን ደግፈው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ነበር፤ «ቤቱ ሲያልቅ እርስዎም ያለ ደረጃ ይገቡበታል» ብቻ አልኳቸው።

ቤት ግን ሁሉን እንደማይችል አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ናርጋ ሥላሴ ትወስደኝ ነበር፤ በደቅ ዳርቻ ያለውን፣ እቴጌ ምንትዋብ በአስራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ያሠራችውን። ከሥዕሎቹ መካከል እቴጌይቱ ራሷ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ አለች፤ ያን ሥዕል ሳይ አድጌአለሁ። ምንትዋብ ጎንደር ዳር ቁስቋም ላይም ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር፤ የኋለኛውን ዕድሜዋን ያሳለፈችው በዚያ ነው። የሚያስፈልጋት ድንጋይ፣ ኖራና ሰው ሁሉ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ1755 ልጇ ዳግማዊ ኢያሱ ሞተባት፤ በ1769 የልጅ ልጇ ኢዮአስ ተገደለ። እሷ እስከ 1773 ኖረች። ለእርጅናዋ የተዘጋጀ ቤት ነበራት፤ በሩን ከፍተው የሚገቡት ግን ቀድመዋት ሄዱ። ይህን ሳስብ ባለ 90 ሳንቲሜትሩ በሬ ትንሽ ይመስለኛል። በሩን ማስፋት የእኔ ነው፤ ማን እንደሚገባበት መወሰን ግን የእኔ አይደለም።

ዘንድሮ ግድግዳው አልቆ ቆርቆሮ ለብሷል። በመጀመሪያ የተለሰነው የእናቴ ክፍል ነው፤ መስኮቶቹም የወባ ትንኝ እንዳያስገቡ ወንፊት ተደርጎባቸዋል። ደቅ ሄጄ ነገርኳት። መደቧ ላይ ተቀምጣ ሰማችኝና «ክረምቱን እመጣለሁ፤ በጋውን ግን ተወኝ» አለች። ከዚያም እጄን ይዛ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ።

«አንተ ቤት እያለሁ ቀኔ ቢደርስስ? የንስሐ አባቴ እዚህ ናቸው። አባትህም ያረፈው እዚህ ነው። ታመጣኛለህ?»

ዳዊት ከእኔ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ና ሲለው እንቢ ያለው የሰማንያ ዓመቱ ቤርዜሊ ትዝ አለኝ (2ኛ ሳሙኤል 19)። እሱም የለመነው በከተማው፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ ለመሞት ነበር። ንጉሡ አልተከራከረውም፤ ስሞ፣ ባርኮ ሰደደው።

«አመጣሻለሁ፣ እማ» አልኳት።

አንዳንዶቻችሁ በዚህ እንደምትከፉብኝ አውቃለሁ። መጋቢ ሆነህ እንዴት እንዲህ ያለ ቃል ትገባለህ የሚለኝ ይኖራል። ስለ እናቴ ነፍስ ከጌታ ጋር የምነጋገረው ብዙ ነገር አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት ተነጋግሬአለሁ፣ ገናም እነጋገራለሁ። ያን ቀን የጠየቀችኝ ግን ልጇን ነው።

ስመለስ ጀልባ ላይ ተቀምጬ የቤቱን የወጪ ደብተር አወጣሁ። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ሴራሚክ፣ የበርና የመስኮት ሥራ ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ። የጀልባ ነጂውንም ከባሕር ዳር ደቅ ድረስ ጀልባውን በሙሉ መኮናተር ስንት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ስንት ሰው ነው የሚሳፈረው?» አለኝ። ቆጥሬ መንገር አቃተኝ።